ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ የወረደ ፕሬዚዳንት

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያለው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ባገኘው ግን አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፤ ለመሆኑ ሲሾምም ያልበላ፣ ሲሻርም ያልቆጨው ሰው ገጥሞህ ያውቃል? ብዬ። መቼም ተረታችን የሚወደው የሚበላውን ሰው ነው። ለሚበላው ስንት ምሳሌ ተበጅቶለታል፤ ያልበላው ግን ቢበዛ «ምስኪን» ተብሎ ይታለፋል። ምስኪን ማለት ደግሞ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ሙገሳ የሚመስል ስድብ ነው።

ወንበር የሚሉትን ነገር ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? አራት እግር አለው፤ ግን አይሄድም። የተቀመጠበትም ሰው ሁለት እግር እያለው ቀስ በቀስ መሄድ ይረሳል። በጃንሆይ ዘመን፣ እኔ ጎረምሳ መምህር በነበርኩ ጊዜ፣ ሰው ከወንበሩ የሚነሳው ወይ ሲሽሩት ነው ወይ ሲሞት ነው። በገዛ ፈቃዱ «በቃኝ» ብሎ የተነሳ ቢኖር ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ጠበል እንዴት እንደሚወሰድ ይመክርበታል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትም ሆሳዕና ነው። ጠበል አልተወሰዱም፤ የወንጌል አማኝ ስለነበሩ ቢወስዷቸውም እሺ አይሉም።

ከሰውዬው በፊት ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። አባቴ ከመንዝ ለጽሕፈት ሥራ ተልከው መጥተው እዚያው አግብተው የቀሩ ሰው ናቸው። ሀዲይኛ እሰማለሁ፤ ስናገረው ግን ገበያተኛው ሁሉ ይስቃል። አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት ወደ ፎንቆ በሚወስደው መንገድ፣ ወንዝ ማዶ ባለች መንደር ነበር። የወንዙን ስም አልጠራውም፤ በበጋ «ወንዝ» ብላችሁ ብትጠሩት ራሱ ያፍራል። ዶሮ ብትሻገረው እግሯ አይርስም። ክረምት ሲገባ ግን ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ እየተሸከመ ያልፋል። ክሊኒኩ ያለው ደግሞ ወዲያ ማዶ፣ ሆሳዕና ከተማ ነው።

አንድ ክረምት የጎረቤታችንን ሚስት ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመን ወንዙ ድረስ አደረስናት። ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፣ ውሃው ሳይጎድል እሷ አረፈች። ይህን ወደ ጨዋታ አልቀይረውም፤ አልችልምም። በዓመቱ ደግሞ ባለቤቴ አስቴር የመጀመሪያ ልጃችንን ፀነሰች፤ ቀኗ የሚደርሰው ነሐሴ ላይ ነበር። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ስለ ድልድይ ሳወራ ስለ ምን እንደማወራ ይገባችኋል።

የአገሩ ሰው መንግሥት መጥቶ እስኪሠራለት እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ አልነበረም። የመንገድና የድልድይ ማኅበር አቋቁሞ ድንጋይ መፍለጥ ከጀመረ ቆይቷል። የማኅበሩ ደንብ ሲጻፍ፣ አዲስ አበባ ቆይቶ የመጣ አንድ ጸሐፊ «ሊቀ መንበር» የሚለው ቃል አርጅቷል ብሎ «ፕሬዚዳንት» ብሎ አሰፈረው። ተቃዋሚ አልነበረም። በዚህ ዓይነት፣ ንጉሠ ነገሥት ባለበት አገር ወንዝ ማዶ ያለነው ሰዎች ፕሬዚዳንት ነበረን።

ፕሬዚዳንታችን አቶ ሚሻሞ ይባላሉ። የሀዲያ ሰው፣ እንሰት ተካይ ናቸው፤ ቁመታቸው ረዘም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። አማርኛን የተማሩት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ስለሆነ ዓረፍተ ነገራቸው ሁልጊዜ አጭር ነው። አንድ ቀን ስለዚሁ ብንቀልድባቸው፣ «የኔ አማርኛ ለእውነት ብቻ ነው የሚበቃ» አሉ። «ውሸት ልጨምር ብል ቃል ያልቅብኛል።»

በእርሳቸው ዘመን መንገዱ ወንዙ ድረስ ወጣ፤ ለድልድዩ መቆሚያ የሚሆነው የድንጋይ ግንብ በወዲህና በወዲያ ዳር ተገነባ። ሁሉም ነገር ደህና ነበር። እንዲያውም በጣም ደህና ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ማኅበሩ ትልቁ ዝግባ ሥር ተሰብስቦ ሳለ አቶ ሚሻሞ ቆሙና እንዲህ አሉ።

«እኔ ቀልድ አላውቅም። ሚስቴ ትመስክር። አሁን ግን አፌን ስከፍት ሰው ይስቃል። ባለፈው ሳምንት የሳቃችሁት ቀልድ አልነበረም፤ ዝናብ ይመጣል ነው ያልኩት። ሳልቀልድ የሚስቅልኝ ሰው፣ ስሳሳትም ዝም ይለኛል። ሌላ ሰው ምረጡ።»

ስብሰባው ሳቀ።

አልቀለዱም ነበር። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የማኅበሩን ባለመደገፊያ ወንበር ራሳቸው ላይ አስቀምጠው፣ በሆሳዕና ገበያ መሀል ሰንጥቀው፣ ለአዲሱ ፕሬዚዳንት ለማስረከብ ሲሄዱ አገር አያቸው። ቅቤ ሻጮች መሸጥ አቆሙ። ከወንበር የወረደ ሹም ብዙ አይተናል፤ ወንበሩ ላዩ ላይ የወጣበት ግን ያን ቀን መጀመሪያችን ነው። አንዱ ጎልማሳ ሮጦ «ላግዝዎት» ቢላቸው፣ «ስቀመጥበት ማንም አላገዘኝም» ብለው አለፉት።

ከተማው ግን ምክንያቱን አልተቀበለም። ታመዋል ተባለ። ከላይ ተቆጥተዋቸው ነው ተባለ። አዲሎ ገበያ ላይ የሚነግዱ ሰዎች ደግሞ ትልቅ ሹመት ተሰጥቷቸው አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው ብለው አወሩ። እርሳቸው በማግስቱ አካፋቸውን ይዘው እንደ ማንም አባል ለሥራ መጡ። «ፕሬዚዳንት፣ እንደምን አደሩ» ስንላቸው «የቀድሞ» ብለው ያርሙናል። ይህን እርማት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተዉትም። ስንቱ «የቀድሞ» የሚለውን ቃል እንደ እከክ ሲደብቀው፣ እርሳቸው ለሰላምታው ሁሉ ምላሽ አደረጉት።

አዲሱ ፕሬዚዳንት ግራዝማች ተሰማ ናቸው። በከተማው የተከበሩ ነጋዴ፣ ቸር ሰው፣ ካባቸው የማያድፍ። ክፉ እንዳይመስሏችሁ። ንግግር ይወዱ ነበር፣ ጥፋታቸው ይኸው ነው። ንግግር የሚወድ ሰው ደግሞ ሥራው ሳያልቅ ንግግሩ ያልቅለትና ይቸገራል። ግራዝማች የጽድ ግንዱን አጋድመው፣ ሳንቃውን አስመትተው፣ በልጉ ሳይወጣ «ድልድዩ ተጠናቋል» ብለው ወደ ላይ አስታወቁ። ከላይም፣ ከጠቅላይ ግዛቱ አንድ ትልቅ ሰው በግንቦት መጥተው ይመርቁታል የሚል ምላሽ መጣ።

የበልጉ ዝናብ ግን ማንንም ሳያማክር ዘነበ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የማዶውን ግንብ ጎንበስ ብዬ ባየው፣ ሥሩ ተቦርቡሮ እጄን እስከ ክርኔ ያስገባል። ቀጥ ብዬ አቶ ሚሻሞ ቤት ሄድኩ። እንሰት እየኮተኮቱ አገኘኋቸው።

«መምህር፣ አይቼዋለሁ» አሉኝ ገና ሳልጨርስ። «ለግራዝማችም ነግሬያለሁ። ከምረቃው በኋላ እንጠግነዋለን አሉኝ።»

«ከተመረቀ በኋላማ ማን ይጠግነዋል? ደግሞ ሰው አምኖት ሊሄድበት ነው። አስቴር...» ብዬ አልጨረስኩትም።

አቶ ሚሻሞ መኮትኮቻቸውን አስቀመጡ። «አውቃለሁ» አሉ። «ግራዝማችን በሰው ፊት አላዋርዳቸውም። ክቡርነታቸው ይምጡ፣ ይሂዱ። በማግስቱ ግን ድልድዩን በእሾህ አጥሬ ፊቱ እቀመጣለሁ። የሚያልፍ ሰው እኔን ረግጦ ነው የሚያልፈው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አላለም። እኔ ግን በልቤ፣ ይሄ ሰውዬ ያደርገዋል አልኩ።

ነገሩም እንዲሁ ያልቅ ነበር፣ ግራዝማች አንድ ስህተት ባይሠሩ። ስህተቱን ለመረዳት የአገሩን ወግ ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ በመንዝ ልጆች ዘንድ ምርቃት ማለት በዓል ማሳረጊያ ነው፤ ሽማግሌ ይነሳል፣ ያበዛል፣ ያጠግባል፣ አሜን ተብሎ ወደ ምግብ ይታለፋል። በሀዲያ ሽማግሌ ዘንድ ግን ምርቃት እንዲህ እንደ ዋዛ ከአፍ አይወጣም። በሆዱ ቂም ወይም ያልተናገረው ነገር ያለበት ሰው እጁን ዘርግቶ ቢመርቅ፣ ምርቃቱ ዞሮ በራሱ ልጆች ላይ እርግማን ይሆናል ይባላል። ስለዚህ የሚመርቅ ሽማግሌ ተነስቶ ዝም ሲል ማንም አይቸኩልም። ሆዱን እየፈተሸ ነው። ያገኘውን አውጥቶ ከተናገረ በኋላ ነው የሚመርቀው። ግራዝማች በዚያ አገር ዕድሜያቸውን ኖረው ይህን አልሰሙም። ወይ ሰምተው እንደ ተረት አልፈውታል።

የምረቃው ቀን ድልድዩ ሙሽራ መስሎ ዋለ። ለትልቅ እንግዳ መሬት በቅጠል ማልበስ የአገሩ ደንብ ነውና ሳንቃው ሁሉ በኮባ ቅጠልና በለምለም ሣር ተሸፈነ። የዚያ ቀን ቅጠል ግን ከደንቡ አልፎ በማዶው ግንብ ላይ እስከ ውሃው ድረስ ወርዶ ነበር። የማያውቅ ሰው «ወይ አክብሮት!» ይላል። የምናውቅ ሰዎች እርስ በርሳችን ላለመተያየት ዛፍ ዛፉን እናይ ነበር። አስቴር ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ መሀል ቆማለች፤ ሆዷ በግልጽ ይታያል።

ክቡርነታቸው በላንድ ሮቨር መጡ። ሪባን ተዘረጋ፣ መቀስ በሳሕን ቀረበ። ግራዝማች ንግግራቸውን ጀመሩ። ፀሐይዋ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ዛፍ ስትሻገር እሳቸው ገና መግቢያው ላይ ነበሩ። በመጨረሻ ፊታቸው በደስታ በርቶ፣ «አሁን ደግሞ በአገሩ ወግ መሠረት የቀድሞው ፕሬዚዳንታችን አቶ ሚሻሞ ይመርቁልናል» አሉ። ከልባቸው ሊያከብሯቸው ፈልገው ነው።

የሀዲያ ሽማግሌዎች ሁሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

አቶ ሚሻሞ ኮታቸውን ቆልፈው ወደ ፊት ወጡና ዝም አሉ። ክቡርነታቸው ሰዓታቸውን አዩ። ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ሚሻሞ አሁንም ዝም እንዳሉ ናቸው። እኔ ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ፤ ፈርተዋል። ድፍረት ማለት አለመፍራት የሚመስላችሁ ካላችሁ ያን ግንባር ማየት ነበረባችሁ።

«ጌታዬ» አሉ በመጨረሻ። «መርቅ ተባልኩ። ከመመረቄ በፊት በሆዴ ያለውን ላውጣ። ይህ ድልድይ አላለቀም። የማዶው ግንብ ሥሩ ተበልቷል። ግንቡን ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ፕሬዚዳንት ሳለሁ። ሽማግሌዎች እዚያ ጋ አፈሩ ልል ነው፣ አለቱ ድረስ ቆፍር ብለውኝ ነበር። በልጉ ደረሰ ብዬ ቸኮልኩ። አልቆፈርኩም። ጥፋቱ የኔ ነው። ዘንድሮ ክረምት ይወድቃል። ሰው ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ አልመርቀውም።»

 ጥፋት ሲገለጥ ጣት ወደ ሌላ ሲቀሰር ነው የለመድነው፤ የራሱን ጥፋት ማንም ሳይጠይቀው በሕዝብ ፊት የሚዘረዝር ሹም፣ ያውም የቀድሞ ሹም፣ ክቡርነታቸውም ያዩ አይመስለኝም። ቀስ ብለው፣ «ታዲያ አልቋል ብሎ ያስታወቀኝ ማነው?» አሉ።

አቶ ሚሻሞ ወደ ግራዝማች ዞር እንኳ አላሉም። «እኔ የኔን ሆድ ተናገርኩ፣ ጌታዬ። የሰው ሆድ ውስጥ አልገባም።»

እዚያ የነበረው ዓይን ሁሉ የት እንደሄደ መገመት አያቅታችሁም። ግራዝማች መጀመሪያ ቀሉ፣ ቀጥሎ ገረጡ። ንግግራቸው ግማሽ ቀን የሚፈጀው ሰውዬ በዚያች ቅጽበት በሕይወታቸው አጭሩን ንግግር አደረጉ።

«ያስታወቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ቅጠሉንም ያስነጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ክቡርነታቸው መቀሱን አዩት፣ ሪባኑን አዩት፣ አቶ ሚሻሞን አዩአቸው። ተቆጡ እንዳልል አልተናገሩም፤ ተደነቁ እንዳልልም ፊታቸው ጨልሟል። መቀሱን ሳሕኑ ላይ መልሰው፣ መኪናቸው ውስጥ ገብተው፣ በመጡበት አቧራ ተመለሱ። የተዘጋጀውን ክትፎና ቆጮ ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ በላው። አንገት ደፍቶ የተበላ ክትፎም ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይጣፍጣል።

ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ክቡርነታቸው በእውነተኛው ሽማግሌ ተደንቀው ሲሚንቶ በካሚዮን ይልኩ ነበር። ይህ ግን ተረት አይደለም። በዚያው ሳምንት ግራዝማች ሱቅ ተሰብስበን ሬዲዮ ስንሰማ፣ ድልድዩ በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመርቆ መከፈቱንና ሕዝቡም ደስታውን በእልልታ መግለጹን ነገረን። እርስ በርስ ተያየን። እልል ያለ ሰው ፈልገን አጣን። ማኅበሩ ለግንቡ ማጠናከሪያ ከመንግሥት የጠየቀው ሲሚንቶም በዚያው ቀረ፤ ላለቀ ድልድይ ማን ሲሚንቶ ይሰጣል?

ይህን ለአቶ ሚሻሞ የነገርኳቸው ግንቡ ሥር ነው። ከምረቃው ቀን ጀምሮ፣ እሾህ አጥረው ከመቀመጥ ይልቅ ወርደው ግንቡን ማፍረስ ይዘው ነበር። አካፋቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝና፣ «የሬዲዮውን ድልድይ የሬዲዮ ሰዎች ይሻገሩት» አሉ። «እኛ የኛን እንሥራ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ደረቴ ይሞላል። ሰው ተሸማቆ ይበተናል ብዬ ነበር። አልተበተነም። አንድ ሰው በአደባባይ «አጠፋሁ» ካለ ወዲህ የቀረነው ሰነፍ ለመሆን አፈርን መሰለኝ። ገበሬው ከማሳው ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፣ ሴቶቹ አሸዋ በቅርጫት አመላለሱ፣ እኔም ጠመኔ የለመደ እጄ እስኪቆስል ድንጋይ አቀበልኩ። ግራዝማች መጀመሪያ በበቅሎ መጥተው ዳር ቆመው አዩን። ቀጥሎ በእግራቸው መጡ። ቀጥሎ ያን የማያድፍ ካባ አውልቀው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። ኖራውንም ከኪሳቸው ያስመጡት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚሁ ግን አንድም ቀን ንግግር አላደረጉም።

አስቴር ከሰዓት በኋላ እየመጣች ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። «ወደ ቤት ሂጂ እንጂ» ስላት፣ «የምሻገርበትን ልየው» ትለኛለች። አንድ ቀን አቶ ሚሻሞ ከጉድጓዱ ሆነው ጠሯት። «ልጄ፣ ነይ ተመልከቺ» አሉና አካፋቸውን እግራቸው ሥር ወደ ታች ወጉት። ጠንካራ ድምፅ ሰጠ። «አለቱ ነው» አሉ። «ደርሰናል።» አስቴር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አለት በማየት የምታለቅስ ሴት ያኔ ነው ያየሁት፤ እኔም ዞር አልኩ፣ እንዳታየኝ።

ክረምቱ እንደ ልማዱ መጣ። ወንዙ ዛፉን ነቅሎ፣ ድንጋዩን እያንከባለለ፣ አዲሱን ግንብ ገፋው፣ ታገለው፣ ተወው። ነሐሴ ላይ አስቴርን ምጥ ሲይዛት ዝናቡ በኃይል እየወረደ ነበር። ቃሬዛውን አነሳን። አቶ ሚሻሞ ከፊታችን እየሄዱ እያንዳንዱን ሳንቃ በበትራቸው እየመቱ ያዳምጣሉ። ከሥራችን ውሃው ያጓራል። መሀል ላይ ስንደርስ ባለፈው ዓመት ዳር ላይ የቀረችውን ጎረቤታችንን አሰብኩና ቆምኩ። «ሂድ፣ መምህር» አሉኝ ሳይዞሩ። ሄድኩ። ሴት ልጃችን ክሊኒኩ ውስጥ በሰላም ተወለደች።

በመስቀል ሰሞን ማኅበሩ እንደገና ተሰበሰበና አቶ ሚሻሞ እንዲመርቁ ተጠየቁ። ተነሱ፣ ዝም አሉ፣ ሆዳቸውን ፈተሹ። «ምንም የለም» አሉና መረቁ። አጭር ነበር። ግራዝማች ወዲያው ተነስተው ድልድዩ «የፕሬዚዳንት ሚሻሞ ድልድይ» ይባል የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። አቶ ሚሻሞ ግን እጃቸውን አወዛወዙ። «የኔን ስም ከያዘ፣ ሲሰነጠቅ ማን ይናገራል?» አሉ። ነገሩ በዚያው ቀረ። ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቅጠሉ ድልድይ» ይለዋል፤ ግራዝማች በሕይወት ሳሉ ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ ያስላቸው ነበር።

አሁን ወደ ተረታችን ልመለስ። ከዓመታት በኋላ፣ ልጄ ድልድዩን በሩጫ የምትሻገር ስትሆን፣ አቶ ሚሻሞን ጠየቅኋቸው። «ፕሬዚዳንት» አልኩ።

«የቀድሞ» አሉ።

«የቀድሞ ፕሬዚዳንት፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እርስዎን ለመሆኑ የቆጨዎት ነገር አለ?»

የለም ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው ሆዳቸውን ፈተሹ።

«አለ» አሉ። «ወንበሩ። አንድ እግሩ ላላ ይል ነበር። ለግራዝማች ሳልነግራቸው አስረከብኳቸው። ኋላ ሄጄ ነገርኳቸው።»

«ምን አሉዎት?»

«እኔም ለሚተካኝ ሰው ሳልናገር ላስረክበው ነበር፤ አሁን ነገር አበላሹብኝ አሉኝ።»

ሳቅሁ። አቶ ሚሻሞ አልሳቁም፤ አልቀለዱም ነበርና።